ዘንድሮ አይመችም

ጡረታ የወጡት ዳኛ ሦስት ልጆች አሏቸው። ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ ሦስተኛው ጥድ ነው። ጥዱ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ግን ከክንድ አይበልጥም። ቦንሳይ ይሉታል፤ በመቀስ እየተቀጣ፣ በሽቦ እየታሰረ፣ ድንክ ሆኖ እንዲያረጅ የተፈረደበት ዛፍ። ዕድሜው ከትልቋ ሴት ልጅ በሁለት ዓመት ስለሚበልጥ ቤተሰቡ «ትልቁ ልጅ» ይለዋል። እህትማማቾቹ በልጅነታቸው አባታቸው የቆነጠጧቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ትልቁ ልጅ ላይ ካልሲ ስላሰጡበት።

ዳኛው ለስድስት ዓመት ሲያስተላልፉት የኖሩትን የዳሌ አጥንት ቅየራ ሐኪሙ በቃ ብሎ ቀን ሲቆርጥላቸው፣ ቤቱን ማን ይጠብቅ የሚል ጥያቄ አልተነሳም። የተነሳው ትልቁን ልጅ ማን ያጠጣው የሚለው ነው። መልሱም ግልጽ ነበር፤ የትልቋ ባል ፋርማሲስቱ። «የመድኃኒት ሰው መጠን ያውቃል» አሉ ዳኛው። ፋርማሲስቱም መጠን ስለሚያውቅ፣ ዛፉ በእጁ ቢሞት የሚደርስበትን መጠን አስልቶ በማግስቱ የጥድ አለርጂ ያዘው።

የቀረው የትንሿ ባል ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ አማቱ በፊቱም ከጀርባውም «ቧንቧው» ይሉታል። ከእሳቸው ተላልፎ ቤተሰቡ ሁሉ ይለዋል፤ ሚስቱም ስትናደድ። እሱን ያንገበገበው ይሄ አልነበረም። ያንገበገበው፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የዳኛው ቤት ቧንቧ ባፈሰሰ ቁጥር ዳኛው ስልክ አንስተው ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ መጥራታቸው ነው። ያ ሰውዬ ይመጣል፣ ያፏጫል፣ ሻይ ይጠጣል፣ በሚያፈሰው ቦታ ላይ ፌስታል ጠምጥሞ በክር አስሮ ይሄዳል። አማች ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብሎ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሙያው ከግድግዳው ወዲያ ሲበላሽ በጆሮው ይከታተላል። አንድ ጊዜ ብቻ «አባባ፣ እኔ ልየው?» ብሎ ነበር። «ዘመድ ጉዳዬ ውስጥ አላስገባም» አሉት። ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ የተቀመጠ ሰው የችሎትን ጉዳይ ከቧንቧ ጉዳይ ለይቶ ማየት ይከብደዋል።

ስለዚህ የቤቱ ቁልፍና የጥዱ መመሪያ ደብተር በእጁ ሲገቡ፣ ቧንቧው ፊቱ ላይ የመጣበትን ነገር ለመደበቅ ብዙ ሳለ።

«ጠዋት አንድ ኩባያ» አሉ ዳኛው ከሆስፒታሉ በር ላይ። «ማታ አፈሩን በጣትህ ነካ። ሌላ ምንም። ቤቴ መፍቻ ይዘህ እንዳትገባ።»

«እሺ አባባ።»

«አምስት ሳምንት ነው። ስመለስ እንደተውኩት ላግኘው።»

ወሩ ከዓመቱ ሁሉ የባሰው የሙቀት ወር ነበር። ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። በአራተኛው ጠዋት፣ የዳኛው ዳሌ በተቀየረ በማግስቱ፣ ቧንቧው አንዷን ኩባያ አፈሰሰና ውሃው አልወርድም አለ። አፈሩ ላይ እንደ ኩሬ ተኛ። ቆመ፣ ጠበቀ፣ ሰዓቱን አየ። ውሃው አሁንም እዚያው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ይደውላል፣ ወይም ጭንቅላቱን አክኮ ነገ ይመለሳል። ይሄ ሰው ግን በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው አልወርድ ያለ ውሃ አይቶ ዝም ብሎ የሄደበት ቀን የለም። ዛፉ የተተከለበትን ዝርግ ሰማያዊ ሸክላ ከፍ አድርጎ ከታች አየው። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱም በነጭ ሥር ግጥም ብለዋል።

«ተደፍነሃል» አለው ለትልቁ ልጅ፣ ለደንበኛ በሚናገርበት ድምፅ።

መኪናው ጋ ሄዶ የፍሳሽ መክፈቻውን ጥምዝምዝ ሽቦ አመጣ። የተከለከለው መፍቻ ነው፤ ሽቦ መፍቻ አይደለም። ጫፉን በቀዳዳው አስገብቶ ሁለቴ አዞረው። ያዘለት። ከገላ መታጠቢያ ቤት የፀጉር ጥቅልል እንደሚያወጣ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቀስ ሳይል ሳበው። ሸክላው ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ግማሽ እጁ ላይ ቀረ፣ ሌላው እግሩ ላይ አረፈ።

ትልቁ ልጅ አልወደቀም። የሸክላውን ቅርጽ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አፈር የሚባል ነገር የለውም፤ ሥር ብቻ ነው፣ ዙሪያውን እርስ በርሱ የተጠቀለለ፣ ስምንት ጊዜ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደከረመ ብርድ ልብስ። በደንብ ታስሮ እንደኖረ ያስታውቃል።

ሚስቱ ስትደርስ ዛፉ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል፣ ባሏ አጠገቡ ቁጢጥ ብሏል።

«ለአባባ እንንገረው» አለች።

«ትናንት ነው ዳሌያቸው የተቀደደው። ትልቁ ልጅ ራቁቱን ቆሟል ብለሽ ንገሪያቸው እንግዲህ፣ ስልኩ ያው።»

ስልኩን አየችው፤ አላነሳችውም። «በቃ ሸክላ ግዛና መልሰው።»

«ደብተሩን አንብቢው።»

ደብተሩ የዳኛው የጥድ ሕግ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበት፣ «ከወቅቱ ውጭ ሥሩን መንካት መግደል ነው» ይላል። ወቅቱ ማለት አዲስ ለጋ ከማውጣቱ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው፤ እነሱ ካለፉ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ሚስቱ ምናልባት የይግባኝ አንቀጽ ካለ ብላ ወደ ውስጥ ገለጠች። በየዓመቱ አንድ ገጽ አለ። ሸክላውን የመቀየሪያው ወቅት ሲደርስ በዳኛው ጥንቁቅ ጽሕፈት አንድ መስመር ተጽፏል።

«ዘንድሮ አይመችም፤ ዝናቡ ቀድሟል» አነበበች። «ዘንድሮ አይመችም፤ የትልቋ ሠርግ አለ። ዘንድሮ አይመችም፤ ጉንፋን ይዞኛል። ዘንድሮ አይመችም፤ መቀሱ ደንዟል።» ገለጠች። «እዚህ ጋማ ምክንያቱንም ትቶታል። ዘንድሮ አይመችም፣ ነጥብ።»

ቆጠሯቸው፤ አሥራ አንድ።

«ፈርቶ ነው» አለች።

«አባባ? ሰው እስር ቤት ሲያስገባ የኖረ ሰው?»

«ስለፈራ እኮ ነው ምክንያት የሚጽፈው። አንተ ስትፈራ ትስላለህ።»

ዛፉን ከነፎጣው ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመኪናው ወደ ችግኝ መሸጫው ሄዱ። ባለቤቲቱ የጎማ ቦቲ ያደረገች፣ ደንበኛን እንደ አረም የምታይ ሴትዮ ናት። ፎጣውን ገለጥ አድርጋ ሥሩን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«ማነው እንዲህ ያኖረው?»

«አማቴ ናቸው፣ እትዬ።»

«ምን አድርጓቸው ነው?»

ቧንቧው ፎጣውን መልሶ ሸፈነው። «በዚህ ሙቀት ይዛወራል?» አላት።

«አይዛወርም።»

«ካልተዛወረስ?»

«ይሞታል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይዛወራል። ግን በሽተኛ እንደሚዛወር፣ ከነአልጋው።» ከመደርደሪያው ሥር አንድ ከረጢት ጠጠርማ አፈር ጎትታ አወጣች። «ሥሩን አትበትነው። አትጠበው። አትቁረጠው። ኪስህ ውስጥ መቀስ ካለ እዚህ ተውልኝ። ይሄን ጥቅልል እንዳለ፣ ምንም ሳትነካካው፣ ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ዳር ዳሩን በዚህ ትሞላለህ፤ ክፍት ቦታ እንዳይኖር በስንጥር ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለህ። ከዚያ በሽቦ ከዕቃው ጋር ታስረዋለህ። ከተወዛወዘ አዲሱ ሥር ይበጠሳል። ጥላ። ነፋስ የሌለበት። ቅጠሉን በቀን ሦስቴ እፍ የሚል ውሃ ትረጭለታለህ።»

«ማዳበሪያስ?» አለች ሚስቱ።

«ትናንት የተቀደደ ሰው ሠርግ ትወስጃለሽ?»

«አባቴ ትናንት ነው የተቀደደው» አለች ሚስቱ።

«እንግዲያው ገብቶሻል። የሥሩ ጣጣ ወቅቱ ሲደርስ ይታያል፤ አሁን ነፍሱን ነው የምናቆየው።»

«መዳኑን በምን አውቃለሁ?» አለ ቧንቧው።

«አታውቅም። ጥድ ክፉ ነው። ሞቶም ሁለት ወር አረንጓዴ ይሆናል፤ ጡረታ መውጣቱን እንዳልሰማ አለቃ። ጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ አዲስ ለጋ ካየህ ያን ጊዜ ድኗል በል።»

በዛፉ ልክ የሆነ ሸክላ ግን አልነበራትም፤ የሚመጣው በወሩ ነው። ዝርግ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጣት የሚተርፍ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ነገር ዛሬውኑ ፈልግ ብላ አሰናበተቻቸው።

ዳኛው ቤት ተመልሰው ዕቃ ቤቱን አገላበጡ። ትሪው ዝጓል። ሳፋው ጥልቅ ነው። የዳኛው የሽልማት ሳህን ልኩ ነበር፤ ሚስቱ ከእጁ ነጥቃ ወደ ቦታው መለሰችው። ቧንቧው ከጭንቀቱ ብዛት ሽንቱ መጣና መጸዳጃ ቤት ገባ። ቆሞ ሳለ ዓይኑ ፊት ለፊቱ ባለው የውሃ ሳጥን ክዳን ላይ አረፈ። ነጭ ሸክላ ነው፣ የድሮ ሥራ። እንደ ዛሬዎቹ ስስ አይደለም፤ ሲገለበጥ አራት ጣት የሚጠልቅ፣ አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ ክብ ክብ ያለ። ሱሪውን ዘግቶ በስንዝሩ ለካው። ከዛፉ ሥር በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋል።

ክዳኑን ሲያነሳው የሳጥኑ ውስጥ ታየ። ፌስታል፣ ክር፣ እንደገና ፌስታል። የሌላው ሰውዬ ሥራ ነው። ከሥሩ ውሃው ቀጠን ብሎ ሲንቆረቆር ይሰማል፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይፈስ አልቀረም። የቧንቧው ጣቶች ራሳቸውን ችለው ወደ ውስጥ ሄዱ፤ መልሶ ሰበሰባቸው። ይሄን አልታዘዘም።

ክዳኑን ገልብጦ በረንዳው ላይ አስቀመጠና ስድስት ቀዳዳ በሳበት። ሸክላ ሲበሳ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ በኩባያ ጠብ ጠብ ታደርግለታለች።

«አባባ ሲያውቅ እኔን እንዳታነሳኝ» አለችው። «እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

«ኩባያውን ማነው የያዘው?»

«ራሱ ነው የቆመው።»

በቀዳዳዎቹ ላይ የእጅ መታጠቢያ ወንፊት ቆርጦ አነጠፈ፣ የመዳብ ሽቦ አሳለፈ፣ ጠጠር ጣል አደረገ። ዛፉን ከነጥቅልሉ አስቀመጡት። ዳር ዳሩን ሞሉ፣ በስንጥር ጠቀጠቁ፣ አሰሩት። የመጀመሪያዋ ኩባያ ውሃ ስትፈስ በስድስቱም ቀዳዳ ወረደች። ቧንቧው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከታች አየና የረካ ሰው ትንፋሽ ወጣው። ቢሞት እንኳ ፍሳሹ ሠርቷል።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በአሮጌ አንሶላ ዳስ ሠራለት። ልብስ ሲተኮስ ውሃ በሚረጭበት ጠርሙስ በቀን ሦስቴ እየመጣ ይረጨዋል። አንዴ የሰው ኩሽና ጎርፍ ላይ እያለ ሰዓቱ ደረሰበት።

«ወዴት ነው?» አለችው የኩሽናው ባለቤት፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደርሶ።

«በሽተኛ አለብኝ።»

ዳኛው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይደውላሉ።

«ትልቁ ልጅስ?»

«አረንጓዴ ነው አባባ።»

«ቀለሙን አልጠየቅኩም። ደህና ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«ዳሌዎስ እንዴት ነው?»

«ጥያቄን በጥያቄ አትመልስ።»

በሦስተኛው ሳምንት በነርሷ ስልክ ፎቶ እንዲላክላቸው አዘዙ። ሚስቱ ሸክላው እንዳይታይ ከግንዱ በላይ አነሳችው። ወዲያው ደወሉ። «ለምንድን ነው ጉርድ ፎቶ የተነሳው? ፓስፖርት ሊያወጣ ነው?»

ቧንቧው በዚህ መሃል ክሳቱ ታየ። በየጠዋቱ የዛፉን አናት ይመረምራል፤ ያው ጥቁር አረንጓዴ ነው። አለ አይል፣ የለም አይል። ቢሞት ሸክላ የሰበረ ሰው ብቻ አይሆንም። ዳኛው አንዴ አምነውት ያቺኑ አንዷን እምነት የገደለ ሰው ይሆናል፤ ያ ሰውዬም እያፏጨ ይህን ቤት እስከ ዕለተ ሞቱ በፌስታል ሲጠመጥመው ይኖራል። ዳኛው ሲመለሱ የሚላትን ሰበብ ግን አዘጋጅቷል። ከውጭ የመጣ ሸክላ ነው፣ ለየት ያለ ነው። መኪና ውስጥ ብቻውን ሲለማመዳት ራሱን እንኳ አላሳመነችውም።

ዳኛው በአምስተኛው ሳምንት ባለ አራት እግር መደገፊያቸውን ይዘው መጡ። ቤተሰቡ ሁሉ አለ። ፋርማሲስቱ አንድ ካርቶን ቫይታሚን አምጥቶ ከዛፉ በሰባት እርምጃ ርቆ ቆሟል።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ» አለ ቧንቧው። «በረንዳው ላይ ትንሽ አረፍ ይበሉ።»

«መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት። አምስት ሳምንት በጋራ ስንጠቀም ነው የከረምነው።»

ቧንቧው ሳለ። ለዛፉ ያን ሁሉ ንግግር ሲያዘጋጅ፣ ለሳጥኑ ያዘጋጀው አንድ ጣውላና ከላይ ጣል የተደረገ ፎጣ ብቻ ነው። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ፎጣ ሲነሳ፣ ጣውላ ሲነሳ፣ ጣውላ ሲመለስ ተሰማ። ሚስቱ ባሏን አየችው። «እኔ እዚህ አልነበርኩም» አለች በሹክሹክታ።

መደገፊያው ጠክ ጠክ እያለ በረንዳው ድረስ መጣ። ዳኛው ዛፉ ፊት ቆሙ። ነጩን ሸክላ፣ ክብ ክብ ያለውን ጠርዝ፣ ጎኑ ላይ በትናንሽ ሰማያዊ ፊደላት የተጻፈውን የፋብሪካ ስም አዩ። አርባ ዓመት በየጠዋቱ ያነበቡት ጽሕፈት ነው።

«ደስ የሚል ሸክላ ነው» አለ ፋርማሲስቱ ከሰባት እርምጃ ላይ። «ከየት ነው የተገኘው?»

ቧንቧው ከውጭ ሊል አፉን ከፈተ።

«ዝም የማለት መብት አለህ» አሉት ዳኛው። አፉን ዘጋ። «የቀድሞውን ማነው የሰበረው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«በምን?»

«በፍሳሽ መክፈቻ ሽቦ።»

«መፍቻ አታስገባ አላልኩህም?»

«ሽቦ ነው፤ መፍቻ አይደለም።»

ዳኛው ይህን ለአፍታ መረመሩ። «ልክ ነህ፤ ቃሉ ላይ የለም» አሉ፣ እያዘኑ። «እና በዚህ ወር አዛወርከው። ደብተሩን አላነበብከውም?»

«ሁሉንም አነበብኩት።»

«ሁሉንም» የምትለዋን ቃል ቀስ ብሎ ነው ያላት። የዳኛው ዓይን ወደ ደብተሩ ሄደ፣ ወደ ትንሿ ልጃቸው ሄደ፤ እሷ ጣሪያ ታያለች።

«የእኔንም ዳሌ ሐኪሙ በቃ ስላለ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለዛፉ የሚናገሩ በሚመስል አኳኋን። «ተመችቶኝ አይደለም። መነጽሬን አምጡልኝ።»

መነጽሩ መጣ። ዳኛው መደገፊያቸው ላይ ጎንበስ ብለው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አዩት፣ ምስክር እንደሚመረምሩ፣ ሳይቸኩሉ። የታችኛው ቅርንጫፍ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ቧንቧው ጎንበስ ብሎ አየ። ግንዱ ጥግ ማለት ይቻላል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ፈዛዛ፣ ገና የተፈለፈለች የምትመስል ለጋ አለች። አጠገቧ ሌላ አለች። ከሥሯ ደግሞ ሦስት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላየሁትም አባባ። እኔ ላይ ላዩን ነበር የማየው።»

«ቧንቧ ሠራተኛ ሆነህ ታች አታይም?»

ቧንቧው መሳል ፈለገ፤ ሳሉ እንቢ አለው። ፊቱን ወደ አንሶላው ዳስ አዙሮ ያልላላ ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

ዳኛው ወንበር ተሰጣቸው። ደብተሩን አስመጥተው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ፣ ብዕር ጠየቁ። «መግደል ነው» የምትለዋን ሰረዙና ከላይዋ «እንደ አያያዙ ነው» ብለው ጻፉ፤ ጎኗ ላይ ፈረሙ፣ ቀን ጻፉ።

«ክዳኑስ አባባ?» አለች ትንሿ። «ሳጥኑ እኮ ክፍት ነው።»

«እስከ ወቅቱ ሥራ ላይ ነው። ማንም እንዳይነካው።» ቀና አሉ። «ሳጥኑን ካነሳሽ አይቀር፣ ውስጡ ውሃ ይፈሳል። አንተ፣ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አምስት ሳምንት እዚህ ስትመላለስ ታዲያ ለምን አልሠራኸውም?»

«አላዘዙኝማ።»

«ክዳኑን ንቀልና ዛፍ ትከልበት ብሎ ያዘዘህ ማነው?»

ዳኛው ብዕሩን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«መፍቻህ የት ነው?»

«መኪና ውስጥ ነው።»

ዳኛው ደብተሩን ዘጉት። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ወቅቱን?»

ቧንቧው በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ሲወርድ ተሰማ። በረንዳው ላይ፣ ከዛፉ ሰባት እርምጃ ርቆ፣ ፋርማሲስቱ አነጠሰ።